የጭሱ ቀለም ምን ነበር?



ኅዳር 12 ቀን ጠዋት አዲስ አበባ ውስጥ የነቃ ሰው ስለ ጭስ አስተማሪ አያስፈልገውም። «ኅዳር ሲታጠን» እያልን የሰፈሩን ቆሻሻ ሰብስበን ስናቃጥል ኖረናል። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. ከተማዋን ከፈጀው የኅዳር በሽታ ጋር ይያያዛል። የዛሬው ጽሑፌ ግን ስለዚያ ጭስ አይደለም፤ እሱ በዓመት አንዴ ነው። የካ ክፍለ ከተማ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ እኔ በምኖርበት መንደር በየቀኑ ስለሚታጠነው ጭስ ነው።

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የጎረቤታችን ሚኒባስ ታክሲ ትነሣለች። «ትነሣለች» አልኩ እንጂ አነሣሷስ ቀላል አይደለም። ሞተሪኖው ሦስት አራት ጊዜ ያጓራል፣ ያቃስታል፣ ዝም ይላል። እንደገና ይሞከራል። በመጨረሻ ሞተሩ እንደ ወባ በሽተኛ እየተንዘፈዘፈ ሲነሣ ነጭ ጭስ በአጥሩ ላይ ዘልቆ ግቢያችንን ይሞላዋል። ዓይን ይለበልባል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። ታናሽ ወንድሜ አስም አለበት። ጭሱ እስኪጠራ ድረስ እናቴ ከቤት አታስወጣውም፤ በዚህ ምክንያት ትምህርት ቤት የሚያረፍድበት ቀን ቀላል አይደለም።

እኔም እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ «መኪናዋ አርጅታለች፣ ምን ይደረግ!» ብዬ ነበር የማልፈው። ባለፈው ኅዳር ለዜና አጻጻፍ ኮርስ ስለ ከተማችን አየር አንድ ዜና እንድንሠራ ታዘዝን። እኔም «አሮጌ ተሽከርካሪዎች የሚለቁት ጭስ ኅብረተሰቡን እያማረረ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱ ሲመለስልኝ መምህራችን በቀይ እስክሪፕቶ ከዳር አንድ ጥያቄ ብቻ ጽፈውበታል፦ «የጭሱ ቀለም ምን ነበር?»

መጀመሪያ ቀልድ መሰለኝ። ቆይቼ ግን ጥያቄውን ይዤ ስሄድ ያገኘሁት ነገር ከዜናዬ በለጠብኝ። ሐሳቤን ባጭሩ ላስቀምጠው። ከሚያስጨንቀን የታክሲ ጭስ ውስጥ በቀላል ጥገና የሚቀር አለ። ሳይጠገን የሚከርመው ሥራው ከባድ ስለሆነ ሳይሆን ወጪው የማን እንደሆነ ስላልታወቀ ነው። «አሮጌ መኪና» የምትለዋ ቃል ደግሞ ይህንን ትሸፍንልናለች።

ጭስ ሦስት ነው

አንድ ቅዳሜ ጎረቤታችንን (ጋሼ ነው የምላቸው) አስፈቅጄ ኮተቤ ወዳለ አንድ ጋራዥ አብሬያቸው ሄድኩ። መካኒኩ ደብተሬን ሳወጣ ሳቀና፣ «እህቴ፣ መጀመሪያ ይህንን ጻፊ። ጭስ ሦስት ነው» አለኝ።

ነጩ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው። በተለይ ጠዋት፣ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ይታያል። (ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጩ ካላቆመ ውሃ ወደ ሲሊንደሩ እየገባ ሊሆን ይችላል፤ ያ ሌላ በሽታ ነው።) ጥቁሩ አየር አንሶት በቅጡ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፤ ጥላሸት ማለት ነው። ሰማያዊው ደግሞ ከናፍጣው ጋር እየነደደ ያለ የሞተር ዘይት ነው። ሦስቱም «ጭስ» ይባላሉ እንጂ በሽታቸውም መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም።

ነገሩ እንዲገባን ከሞተሩ እንጀምር። የቤንዚን ሞተር ካንዴላው ብልጭታ እየሰጠ ነዳጁን ያቀጣጥላል። የናፍጣ ሞተር ብልጭታ የለውም። ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 ጀርመን አገር አውግስበርግ ላይ ሠርቶ ያሳየው ሞተር የሚሠራው አየርን አጥብቆ በመጭመቅ ነው። አየር ሲጨመቅ ይግላል፤ በጋለው አየር ላይ ናፍጣ ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል። የብስክሌት ጎማ በእጅ መንፊያ የነፋ ሰው የመንፊያውን ጫፍ ሲነካ ምን ያህል እንደሚግል ያውቀዋል።

በብርድ ጠዋት ግን ቀዝቃዛው ብረት ያንን ሙቀት ይመጠዋል። ለዚህ ነው በብዙ ናፍጣ መኪና በየሲሊንደሩ እንደ እርሳስ የቀጠነች ማሞቂያ ካንዴላ የምትገባው። ቁልፉ ሲዞር ከባትሪው ኤሌክትሪክ ትቀበልና ጫፏ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በላይ ይግላል። ዳሽቦርድ ላይ የተጠቀለለ ሽቦ የምትመስል ምልክት ስትበራ «ቆይ፣ እየሞቅሁ ነው» ማለቷ ነው። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር አራት አሉት።

የጋሼ ታክሲ ስትፈተሽ ከአራቱ ሦስቱ ሞተዋል። ፍተሻው ራሱ ደቂቃዎች ነው የወሰደው። መካኒኩ ካንዴላዎቹን የሚያገናኘውን ብረት ፈታ፣ የመፈተሻ መብራቱን አንድ ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ አሰረና ሌላውን ጫፍ በየካንዴላው ራስ ላይ አስነካ። መብራቱ ከበራ ውስጧ ያለው ሽቦ አልተበጠሰም። ካልበራ ሞታለች። አንዱ በራ፤ ሦስቱ ጨለሙ። «እስካሁን በአንድ እግር ነው የቆመችው» አለ መካኒኩ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። የሞቱት ሦስት ሲሊንደሮች ሞተሩ እየዞረ እስኪሞቁ ድረስ የሚረጭባቸውን ናፍጣ እንዳለ በጭስ ማውጫው ይተፉታል። ወንድሜን ቤት የሚያስቀምጠው ነጭ ጭስ ይኸው ነው።

የእንጦጦ ዳገት ዕዳ

እዚህ ላይ የእኛ አገር፣ በተለይ የእኛ ሰፈር፣ የራሱ ጣጣ አለው። አዲስ አበባ በአማካይ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ትገኛለች፤ የእንጦጦ ጋራ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ እንጦጦ ጫፍ ላይ ደግሞ ወደ ሰባ በመቶ ይወርዳል። ውሃችን 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 ገደማ ላይ የሚፈላውም ለዚሁ ነው። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው አሮጌ ናፍጣ ሞተር እዚህ በየትንፋሹ የሚያገኘው አየር ትንሽ ነው። ትንሽ አየር ሲጨመቅ ጠዋት ለመነሣት ይቸግራል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲታከልበት ደግሞ ሌላ ቦታ በሁለት ካንዴላ የሚነሣ መኪና ፈረንሳይ ላይ እምቢ ይላል።

ሁለተኛው ጣጣ ዳገት ላይ ይመጣል። ከአራት ኪሎ በቀበና አድርጎ ወደ ፈረንሳይ በታክሲ የወጣ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ሰው ጢም ብሎ ተጭኗል፣ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ሾፌሩ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጧል፣ ከኋላ ደግሞ ጥቁር ጭስ እንደ መጋረጃ ይዘረጋል። ፖምፓው ለባሕር ዳርቻ አየር ተስተካክሎ የመጣ ከሆነና ለከፍታ ማስተካከያ ከሌለው እዚህ ላለው ስስ አየር የሚበዛ ናፍጣ ይረጫል። የበዛው ናፍጣ ጥላሸት ይሆናል።

ታዲያ ሾፌሩ «ዳገት አልወጣ አለኝ» ብሎ ጋራዥ ሲገባ ምን ይደረግለታል? አንዳንዴ አየር ማጣሪያው እንኳ ሳይታይ የፖምፓው ቡሎን ይዞርና ናፍጣው ይጨመርለታል። መኪናው ለጊዜው ጉልበት ያገኘ ይመስላል። ጭሱ ግን ይጠቁራል፣ ናፍጣው ይበላል፣ ጥላሸቱ ወደ ውስጥ ይጋገራል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው። አየር የጠማውን ሰው ምግብ ብትጨምርለት አይድንም።

የተጋገረው ጥላሸት ወይም ካርቦን ዝም ብሎ አይቀመጥም። የኖዝሉን ጫፍ ሲደፍን ናፍጣው እንደ ጉም መረጨቱ ይቀርና ይንጠባጠባል። የሚንጠባጠብ ናፍጣ ደግሞ የባሰ ካርቦን ይሠራል፣ የማሞቂያ ካንዴላዋንም ጫፍ ያቃጥላል። የተቃጠለ ጭስን መልሶ ወደ አየር ማስገቢያው የሚልክ ቫልቭ ያላቸው መኪናዎች ላይ ደግሞ ጥላሸቱ ከዘይት ትነት ጋር ተለውሶ የአየር መግቢያውን እንደ ቅባት ያጠበዋል። ስለዚህ ነጩና ጥቁሩ ጭስ ዘመዳሞች ናቸው። ካንዴላውን ብቻ ለውጦ የሚንጠባጠበውን ኖዝል የተወ ሰው አዲሱን ካንዴላም ቶሎ ይቀብረዋል።

ሥራው ምን ያህል ነው?

እዚያ ጋራዥ የተደረገውን በዓይኔ ስላየሁ ልንገራችሁ። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያው ወጣ፤ በአቧራ ተደፍኖ ነበር፣ ተለወጠ። ቀጥሎ ሞተሩ ለብ እንዲል ተደረገ። ካንዴላ በቀዝቃዛ ሞተር ላይ በጉልበት ሲፈታ ቴስታታው ውስጥ ይሰበራል፤ ያን ጊዜ ትንሿ ሥራ ቴስታታ እስከ ማውረድ ትደርሳለች። ስለዚህ በየሥሩ ማላቀቂያ ዘይት ተደረገ፣ ተጠበቀ፣ ቀስ ተብሎ ተፈታ። ከወጡት አንደኛዋ ጫፏ አብጦ ነበር። መካኒኩ ያንን አይቶ «ኖዝሉም ይታይ» አለ። ካንዴላው የሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ የነበረው ካርቦን ተጠርጎ ከወጣ በኋላ አራቱም አዲስ ገቡ። ሦስት ብቻ መለወጥ ለምን እንደማይበቃ ስጠይቀው፣ «አራተኛዋም እኩያቸው ናት፤ ነገ ትከተላለች» አለኝ።

የቀረው ሥራ የኖዝሎቹ ነበር። ኖዝል ተፈትቶ ፖምፓ ወደሚሠሩ ባለሙያዎች ይወሰድና በመሞከሪያ ላይ አረጫጨቱና የሚከፈትበት ግፊት ይለካል። የአየር መግቢያው በካርቦን የጠበበ መኪናም ክፍሉ ከሞተሩ ላይ ወርዶ ይታጠባል እንጂ ፍርፋሪው ወደ ሲሊንደር እንዲገባ እዚያው አይፋቅም። ይህ ከካንዴላው ይልቅ ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል። ያም ሆኖ ሞተር ማውረድ አይደለም።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። መኪና አልነሣ ሲል ቤንዚን የተነከረ ጨርቅ አየር መግቢያው ላይ የሚይዙ አሉ። የጋለ ማሞቂያ ካንዴላ ባለበት ሞተር ይህ በእሳት መጫወት ነው፤ ፒስተን ሊሰብር፣ ፊትም ሊያቃጥል ይችላል።

ታዲያ ማን ይክፈል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። ጋሼ የመኪናዋ ባለቤት አይደሉም። በየቀኑ ለባለንብረቱ የተቆረጠ ገቢ ያስገባሉ። ናፍጣው ከእሳቸው ነው፤ የረዳቱም ከእሳቸው። ከዚያ የተረፈው ለቤታቸው ነው። ስምምነታቸው ደግሞ በቃል ነው፦ ትልቁን ጥገና ባለንብረቱ ይችላል፣ ትንንሹን ሾፌሩ።

ማሞቂያ ካንዴላ ታዲያ ትልቅ ነው ትንሽ? አንዱን ብታዩት ትንሽ ነው። አራቱ ከነእጅ ዋጋው ሲደመር ግን ለሾፌር ቀላል አይደለም። ባለንብረቱ ሌላ ክፍለ ከተማ ነው የሚኖረው፤ የንጋቱን ማቃሰት ሰምቶ አያውቅም። ሲነገረው «ትነሣ የለም እንዴ?» ይላል። እውነቱን ነው፣ ትነሣለች። ጋሼም መላ አላቸው፤ ማታ ማታ መኪናዋን ቁልቁል አዙረው ነው የሚያቆሟት። ሞተሪኖው እምቢ ካለ ፍሬኑን ለቀው በቁልቁለቱ ያስነሷታል። ቁልቁለት ከሌለ ደግሞ እኛ የሰፈሩ ልጆች አለን፣ እንገፋለን። ጋራዥ የሚዋልበት ቀን ደግሞ ገቢ የሌለበት ቀን ነው። ስለዚህ ለሁለቱም «ለዛሬ ትሂድ» ይቀላል። ዛሬ ዛሬ እየተባለ፣ ጋሼ እንደሚሉት፣ ሁለት ክረምት አለፈ።

የሚገርመው ሁለቱም መክሰራቸው ነው። ጠዋት ጠዋት እየተጨነቀ የሚሠራ ባትሪና ሞተሪኖ ዕድሜው ያጥራል፤ ያ የባለንብረቱ ኪሳራ ነው። ሳይቃጠል በጭስ ማውጫ የሚወጣው ናፍጣ የጋሼ ገንዘብ ነው። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሣት ከጀመረ ወዲህ ናፍጣ የሚቀለድበት ነገር አይደለም። ጋራዡ በር ላይ ቆመን ሂሳቡን ስናሰላው አራቱ ካንዴላ የአንድ ባትሪ ዋጋ እንኳ አልሞላም።

ሦስተኛ ወገንም አለ፤ ስምምነቱ ላይ ስሙ ያልተጠቀሰ። ወንድሜ አለ። ከእንጦጦ ጫካ እንጨት ተሸክመው በመንገዱ ዳር ጎንበስ ብለው የሚወርዱ እናቶች አሉ፤ ጭስ ማውጫው በፊታቸው ትክክል ነው የሚያልፈው። መገናኛ ታክሲ ተራ ላይ ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚነግዱ ልጆች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ሰኔ 2004 ዓ.ም. የናፍጣ ሞተር ጭስን ለሰው ልጅ ካንሰር አምጪ ከሆኑት አንደኛ ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ባለንብረቱና ሾፌሩ «ለዛሬ ትሂድ» ሲባባሉ ዋጋውን የሚከፍሉት እነዚህ ሰዎች ናቸው።

«ኤሌክትሪክ እየመጣ ነው» ለሚሉ

ይህን ሐሳቤን ለክፍል ጓደኞቼ ስነግራቸው ሁለት ተቃውሞ ገጠመኝ። የመጀመሪያው «የኤሌክትሪክ መኪና እየገባ በዘመናት ያለፈበት ናፍጣ ላይ ምን አለፋሽ?» የሚል ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ መከልከሉን አውቃለሁ፤ የኤሌክትሪክ ሚኒባሶችም መንገድ ላይ መታየት ጀምረዋል። ደስ ይለኛል። ነገር ግን ክልከላው አዲስ እንዳይገባ ነው እንጂ ያለው እንዲወጣ አይደለም። አዲሱን ለመግዛት አቅም የሌለው ባለንብረት ያለችውን አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ አሮጌው ናፍጣ ገና ዓመታት ከእኛ ጋር ነው። የወንድሜ ሳንባ ደግሞ እነዚያን ዓመታት አይጠብቅም።

ሁለተኛው «ሞተሩ ካለቀ ካንዴላ ምን ያደርጋል?» የሚል ነው። ይህ ትክክል ነው። ሰማያዊ የሚያጨስ፣ የፒስተን ቀለበቱ ያለቀ ሞተር በካንዴላ አይድንም። እኔም ሁሉም ጭስ በቀላሉ ይጠፋል አላልኩም። ቀለሙን ለይተን በቀላሉ የሚጠፋውን እናጥፋ ነው የምለው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?

መፍትሔውም ከአቅም በላይ አይመስለኝም። ባለንብረትና ሾፌር የዘይት ቅያሪ የማን እንደሆነ እንደሚነጋገሩት ሁሉ የማሞቂያ ካንዴላ፣ የአየር ማጣሪያና የኖዝል ፍተሻ የማን እንደሆነ አስቀድመው ይነጋገሩ፤ ቢቻል በጽሑፍ። ጊዜውም ብርዱ ከመግባቱ በፊት፣ ጥቅምት ቢሆን ይሻላል። የታክሲ ማኅበራትም አባሎቻቸውን በየተራ ማስፈተሽ ይችላሉ። አንድ የመፈተሻ መብራትና አንድ የሚያውቅ ሰው ነው የሚፈልገው። ታክሲው ታፔላ ለጥፎ የትኛው መስመር ላይ እንደሚሠራ ከታወቀ፣ ጠዋት እንዴት እንደሚነሣ ለማወቅ አይከብድም።

የእኛ ድርሻ ደግሞ አለ። እኛ ነገ ጋዜጠኛ እንሆናለን የምንል ልጆች «አሮጌ ተሽከርካሪዎች» ብለን ስንጽፍ ተጠያቂውን ሰውረነዋል። ዕድሜ አይጠየቅም፤ ስምምነት ግን ይጠየቃል። ጥቁር ነው ብለን ስንጽፍ ፖምፓው ይጠየቃል፤ ነጭ ነው ስንል ካንዴላው፤ ካንዴላው ሲጠየቅ ከፋዩ ይጠየቃል። አንድ ቅጽል ጨምረን አንድ በር እንከፍታለን።

ጋሼና ባለንብረቱ በመጨረሻ ግማሽ ግማሽ አዋጥተው ከፈሉ። ክርክሩ ቀላል አልነበረም፤ ሦስት የሞቱ ካንዴላዎችን በፌስታል አድርጎ ማሳየት ረድቷል። አሁን ታክሲዋ ጠዋት በአንድ ምት ትነሣለች፤ ወንድሜም በሰዓቱ ይወጣል። ኖዝሎቹ ግን ገና አልታዩም። የቀበናን ዳገት ስትወጣ ከኋላዋ አሁንም ጥቁር ነው። ያኛው የማን ወጪ እንደሆነ እየተከራከሩ ነው።

ቸር እንሰንብት።